የፖሊስ ማኅበራትና የፖሊስ ተጠያቂነት በኒው ዮርክ ከተማ

የኒው ዮርክ ከተማ የፖሊስ ማኅበራት የፖሊስ አባላትን ደመወዝ፣ የሥራ ሁኔታና የሕግ መብት ለማስጠበቅ የተቋቋሙ የሠራተኛ ማኅበራት ናቸው። ትልቁ፣ ማዕረግ የሌላቸውን ፖሊሶች የሚወክለው የፖሊስ በጎ አድራጎት ማኅበር (በአጭሩ ፒቢኤ) ነው። መርማሪዎችና ሳጅኖች የየራሳቸው ማኅበር አላቸው። በፖሊስ ላይ የሚቀርብ ቅሬታን ማን ይመርምር፣ ውጤቱንስ ማን ይወቅ የሚለው የከተማዋ የረጅም ጊዜ ክርክር ከእነዚህ ማኅበራት ጋር የተያያዘ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

አመጣጥ

በአሜሪካ ወደ 18,000 የሚጠጉ የፖሊስና የሕግ አስከባሪ መሥሪያ ቤቶች አሉ፤ አብዛኞቹም በከተማና በአውራጃ ደረጃ የሚተዳደሩ ናቸው። ስለዚህ የፖሊስ ሕግና የዲሲፕሊን ሥርዓት ከቦታ ቦታ ይለያያል። በ1919 በቦስተን ከተማ ከ1,000 በላይ ፖሊሶች ማኅበር የማቋቋም መብት ጠይቀው ሥራ አቆሙ፤ ሁሉም ተባረሩ። ከዚያ በኋላ የፖሊስ ማኅበራት እንቅስቃሴ ለብዙ ዓመታት ተዳከመ። ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ግን ግዛቶች ለመንግሥት ሠራተኞች የኅብረት ድርድር መብት መስጠት ሲጀምሩ ማኅበራቱ እንደገና ተጠናከሩ። የኒው ዮርክ ሕግ የመንግሥት ሠራተኞች የሥራ ማቆም አድማ እንዳያደርጉ ስለሚከለክል፣ ማኅበራቱ ጫና የሚያሳድሩት በዋናነት በድርድር፣ በምርጫ፣ በሕግ ማውጫ ምክር ቤትና በፍርድ ቤት በኩል ነው።

የ1966 ሕዝበ ውሳኔ

ቀደም ሲል ቅሬታ የሚመረምረው ቦርድ አባላት በሙሉ ከፖሊስ መምሪያው የተውጣጡ ነበሩ። በ1966 ከንቲባ ጆን ሊንድሴይ ሰባት አባላት ባሉት ቦርድ ውስጥ አራት ሲቪሎችን አስገቡ። ፒቢኤ ይህን ተቃውሞ ጉዳዩ ለሕዝበ ውሳኔ እንዲቀርብ አደረገ። የተቃዋሚዎቹ ክርክር፣ ፖሊስ የሚጠብቀውን ምርመራ ፈርቶ ካመነታ የሚጎዳው ነዋሪው ነው የሚል ነበር። ከማስታወቂያዎቻቸው አንዱ ከምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ ወጥታ ጨለማ መንገድ ላይ ብቻዋን የቆመች ወጣት ሴት ያሳይ ነበር። ሁለቱ የግዛቱ ሴናተሮች፣ ሮበርት ኬኔዲና ጄኮብ ጃቪትስ፣ ቦርዱን ደገፉ። የጥቁር ፖሊሶች ማኅበር የሆነው ጋርዲያንስም ከፒቢኤ ተለይቶ ከደጋፊዎቹ ጎን ቆመ። ይሁንና በኖቬምበር ከመራጮቹ ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት ሲቪሎቹ ከቦርዱ እንዲወጡ ወሰኑ። አዲሱ ቦርድ ሥራ ላይ የቆየው ለጥቂት ወራት ብቻ ነበር።

የ1992 ተቃውሞና አዲሱ ቦርድ

የከተማዋ የመጀመሪያ ጥቁር ከንቲባ ዴቪድ ዲንኪንስ ከፖሊስ መምሪያው ነፃ የሆነ ቦርድ እንዲቋቋም ሐሳብ ባቀረቡ ጊዜ፣ በሴፕቴምበር 1992 ወደ 10,000 የሚጠጉ ከሥራ ሰዓት ውጭ የነበሩ ፖሊሶች በፒቢኤ ጥሪ በከተማው ማዘጋጃ ቤት ፊት ተሰለፉ። ከሰልፈኞቹ በርካቶቹ አጥር ጥሰው የሕንፃውን ደረጃዎች ወረሩ፤ የብሩክሊንን ድልድይም ዘጉ። በዚህ ጊዜ ግን የከተማው ምክር ቤት ሐሳቡን አጸደቀ፤ ነፃው የሲቪል ቅሬታ መርማሪ ቦርድም በ1993 ሥራ ጀመረ።

የምስጢር ሕጉ

በ1976 የግዛቱ ምክር ቤት አንቀጽ 50-ኤ የሚባለውን ሕግ አወጣ። የሕጉ ዓላማ የወንጀል ተከላካይ ጠበቆች የፖሊስን የግል ማኅደር ያለአግባብ እየጠቀሱ ምስክር ፖሊሶችን እንዳያዋክቡ መከላከል ነበር። ከጊዜ በኋላ ግን ሕጉ የቅሬታና የዲሲፕሊን መዝገቦችን ከሕዝብ ለመደበቅ ዋለ። በ2014 ኤሪክ ጋርነር በፖሊስ አንገቱን ታንቆ ሲሞት፣ የፖሊሱ የቀድሞ መዝገብ እንዲገለጥ የቀረበው ጥያቄ በዚሁ አንቀጽ ምክንያት ተቀባይነት አላገኘም። በሜይ 2020 ጆርጅ ፍሎይድ በሚኒያፖሊስ ከተማ ከተገደለ በኋላ በተነሣው ተቃውሞ፣ ምክር ቤቱ በጁን 2020 አንቀጹን ሻረ። ማኅበራቱ መዝገቦቹ እንዳይወጡ ክስ መሠረቱ፤ ይሁን እንጂ የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2021 አብዛኛውን ጥያቄያቸውን ውድቅ አደረገ።

የኅብረት ስምምነትና ግልግል

በብዙ የአሜሪካ ከተሞች የፖሊስ ዲሲፕሊን በኅብረት ስምምነት ውስጥ ይካተታል። አንድ ፖሊስ ሲባረር ጉዳዩን ወደ ግልግል ዳኛ መውሰድ ይችላል። ዋሽንግተን ፖስት ጋዜጣ በ2017 ባወጣው ምርመራ መሠረት፣ ከ2006 ጀምሮ ትልልቅ የፖሊስ መምሪያዎች ካባረሯቸው ቢያንስ 1,881 ፖሊሶች መካከል ከ450 በላይ የሚሆኑት በይግባኝ ወደ ሥራቸው ተመልሰዋል። በኒው ዮርክ ከተማ ግን የግዛቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2006 ዲሲፕሊን ለድርድር የማይቀርብ የኮሚሽነሩ ሥልጣን ነው ሲል ወስኗል።

የሁለቱ ወገን ክርክር

የማኅበራቱ ደጋፊዎች ፖሊስ ለሐሰት ክስ የተጋለጠ በመሆኑና በፖለቲካ ግፊት ሊባረር ስለሚችል እንደማንኛውም ሠራተኛ ተገቢ የመሰማት መብት ያስፈልገዋል ይላሉ። ተቺዎች በበኩላቸው ፖሊስ መሣሪያ ታጥቆ ሰው የማሰር ሥልጣን ስላለው የሥራ ዋስትናው ከሌላው ሠራተኛ ጋር በእኩል ሊታይ እንደማይገባ ይናገራሉ። የመመርመር ሥልጣን ወደ ሲቪሎች ቢሸጋገርም ቦርዱ በራሱ መቅጣት አይችልም፤ የመጨረሻውን ቅጣት የሚወስነው የፖሊስ ኮሚሽነሩ ነው። በዚህ ምክንያት ከ1993 ወዲህ የክርክሩ ማዕከል ቅሬታን ማን ይመርምር ከሚለው ይልቅ ቅጣትን ማን ይወስን ወደሚለው ጥያቄ ተሸጋግሯል።