ከደጃፍ የሚያልፍ ውድድር

ሬም ፋውለር ውድድሩን ሊተወው ቆርጦ ነበር። ቺንጋው አስቸግሮታል፤ ካንዴላውን ደጋግሞ ቀይሯል፤ ይህ ሁሉ አልበቃ ብሎ ጎማው በፍጥነት ላይ ሳለ ፈንድቶ ከነሞተሩ መንገድ ላይ ጥሎታል። መንገድ ዳር የቆመ አንድ ተመልካች ግን በክፍሉ በግማሽ ሰዓት እየመራ መሆኑን ነገረው። ፋውለር ይህን ሲሰማ ሞተሩን ጠጋግኖ ተነሳ፤ ከአራት ሰዓት በላይ የፈጀውንም ውድድር አሸነፈ። ቀኑ ግንቦት 20 ቀን 1899 ዓ.ም. ነበር፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሜይ 28 ቀን 1907። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር ናቸው።)

የዕለቱ ውድድር ስም «ቱሪስት ትሮፊ» ይባል ነበር፤ ዛሬ የሞተር ወዳጆች በአጭሩ ቲቲ ይሉታል። ስሙ ለጌጥ የወጣ አይደለም። አዘጋጆቹ ለመፈተን የፈለጉት ለሩጫ ብቻ የተሠራ መሣሪያ ሳይሆን አንድ ሰው ገዝቶ አገር የሚያይበትን ሞተር ሳይክል ነው። ስለዚህ ተወዳዳሪው የሚቀርበው ኮርቻ፣ ፓራፋንጎና ማርሚታ ባለው ሞተር ነበር። ቤንዚኑም ተሰፍሮ ነው የሚሰጠው፤ ባለ አንድ ፒስቶኑ በአንድ ሊትር 32 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ባለ ሁለቱ 26 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል መሄድ ነበረበት። 25 ሰዎች ተነሱ። ባለ አንድ ፒስቶኑን ክፍል ቻርሊ ኮሊየር ማችለስ በተባለ ሞተር ሳይክል፣ በሰዓት 61.5 ኪሎ ሜትር አማካይ ፍጥነት ወሰደ። ፋውለር ያሸነፈው በባለ ሁለቱ ክፍል፣ የፔዦ ሞተር በተገጠመለት ኖርተን ሞተር ሳይክል ነው።

ውድድሩ የሚካሄድባት ማን ደሴት በብሪታንያና በአየርላንድ መካከል፣ በአይሪሽ ባሕር ላይ ትገኛለች። ስፋቷ 572 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፤ ከአዲስ አበባ እምብዛም አትበልጥም። ነገር ግን ቲንዋልድ የሚባል የራሷ ምክር ቤት አላት፣ የራሷን ሕግም ታወጣለች። የነገሩ ሥር ያለው እዚህ ላይ ነው። በዘመኑ የእንግሊዝ ሕግ መኪና በሰዓት ከ32 ኪሎ ሜትር በላይ እንዳይሄድ ወስኖ፣ የሕዝብን መንገድ ዘግቶ መወዳደርን ደግሞ አይፈቅድም ነበር። ቲንዋልድ በ1904 ለመኪና ውድድር ሲባል መንገድ መዝጋት የሚያስችል ሕግ አወጣ። ከሦስት ዓመት በኋላ ቲቲ በዚያው በተከፈተው በር ገባ።

ከ1911 ጀምሮ የሚሮጠው በተራራው መንገድ ላይ ነው። ርዝመቱ 60.7 ኪሎ ሜትር፣ ኩርባዎቹም ከ200 በላይ ናቸው። መነሻው ዋና ከተማዋ ዳግላስ ሲሆን ከዚያ በብሬይ ሂል ቁልቁለት፣ በመኖሪያ ቤቶች መካከል ወደ ታች ይወረወራል። ብራዳንን፣ ዩኒየን ሚልስንና ክሮስቢን አቋርጦ ባላክሬይን ላይ ወደ ሰሜን ይታጠፋል። ባላው በሚባለው መንደር ያለችው ጎባጣ ድልድይ ሁለቱንም ጎማ ከመሬት ታነሳለች። የሰልቢው ቀጥታ መንገድ እስከ ራምሲ ከተማ ያደርሳል። ከራምሲ በኋላ ዳገቱ ይጀምርና በስኔፈል ተራራ ጎን፣ ከባሕር ወለል ከ400 ሜትር በላይ ተወጥቶ፣ በክሬግ ኒ ባ ቁልቁለት ወደ ዳግላስ ይመለሳል። በሌላው ጊዜ አውቶቡስና የወተት መኪና የሚመላለስበት መንገድ ነው። የድንጋይ አጥር፣ የስልክ እንጨት፣ የእግረኛ መንገድ ጠርዝ፣ የቤት ደጃፍ ሁሉም በየቦታው አለ።

ተወዳዳሪዎቹ አንድ ላይ አይነሱም። በአሥር ሰከንድ ልዩነት አንድ በአንድ ይለቀቃሉ፤ አሸናፊው የሚታወቀው በሰዓት ነው። ስለዚህ ከፊት የሚታየው ሞተር መሪ ላይሆን ይችላል። ይህ ለአዲስ ተመልካች ግራ ያጋባል፤ የለመደው ግን ሬዲዮ ሳይዝ ከቤቱ አይወጣም። የደሴቲቱ ማንክስ ሬዲዮ ተወዳዳሪዎቹ በየመለኪያ ቦታው ያለፉበትን ሰዓት ይነግራል፤ ተመልካቹም አጥሩ ላይ ተቀምጦ ልዩነቱን ያሰላል። መነሻው ላይ ደግሞ ከተመልካቹ ሰገነት ፊት ለፊት ለረጅም ዘመን ትልቅ ሰሌዳ ነበር፤ የእያንዳንዱን ተወዳዳሪ ሰዓት በእጃቸው ያስተካክሉ የነበሩት የስካውት ልጆች ናቸው። ከሰሌዳው ጀርባ ያለው የከተማዋ መካነ መቃብር ነው።

ቲቲን ከስታዲየም ውድድር የሚለየው ቅርበቱ ነው። በብራዳን ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ፣ በባላው መጠጥ ቤቱ ደጃፍ፣ በሌላ ቦታ በሰው አትክልት አጥር ላይ ተቀምጦ ይታያል። መጀመሪያ ድምፁ ከሩቅ፣ ከዛፎቹ ጀርባ ይመጣል፤ ከዚያ ነፋሱ ፊትን ይመታል፤ ዓይን ቀና ሲል ሞተሩ አልፏል። ነገር ግን ሕግ አለው። መንገዱ ከተዘጋ በኋላ ማንም ሰው ማቋረጥ አይችልም፤ ስለዚህ ውሃና ምግብ ይዞ፣ ቀድሞ ቦታ መያዝ ነው። መቆም የተከለከለባቸው ቦታዎች በግልጽ ምልክት ተደርጎባቸዋል። በየኩርባው ባንዲራ ይዘው የሚቆሙት በመቶዎች የሚቆጠሩ በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ እነሱ ቦታቸውን ሳይዙ ውድድሩ አይጀመርም። የእነሱን ቃል የማያከብር ተመልካች በራሱ ብቻ ሳይሆን በሚነዳውም ሰው ሕይወት ይጫወታል።

ተመልካቹ ራሱ በአብዛኛው ሞተረኛ ነው። በሜይ መጨረሻ ከእንግሊዝ፣ ከአየርላንድ፣ ከጀርመን የሚመጡ ሞተሮች በመርከቡ ሆድ ውስጥ ጎን ለጎን ተደርድረው፣ በማሰሪያ ተወጥረው ባሕሩን ይሻገራሉ። ከአየር ማረፊያው ወደ ዳግላስ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችውን ትንሽ ድልድይ ሲያልፉ፣ በደሴቲቱ ልማድ መሠረት ከሥሯ ይኖራሉ ለሚባሉት ረቂቃን ሰላምታ ይሰጣሉ። እንዲህ ያለ መንገድ የሚጓዝ ሰው ሞተሩን ማወቅ ግዴታው ነው።

ከሁሉ በፊት ሰንሰለቱ። ሞተረኛ ጉዳት የሚመጣው ሰንሰለት ሲላላ ብቻ ይመስለዋል፤ ከልክ በላይ የተወጠረ ሰንሰለት ግን ይብሳል። የኋላው ጎማ ጉድጓድ ሲያገኝና ሲነሳ ሲወርድ ሰንሰለቱ ይሳባል፤ የሚለቀው ነገር ከሌለው ጭነቱን ጥርሶቹና ኩሽኔታው ላይ ያሳርፋል። በብዙ ሞተሮች የታችኛው ክፍል መሃሉ ላይ በጣት ሲገፋ ከ2 እስከ 4 ሳንቲ ሜትር ያህል መንቀሳቀስ አለበት፤ ትክክለኛው ልክ በመመሪያው ላይ ተጽፏል። ሰንሰለት እኩል አያልቅም። ስለዚህ ጎማውን እያዞሩ በጣም የከረረበትን ቦታ ፈልጎ እዚያ ላይ መለካት ይገባል። ቅባት የሚቀባው ደግሞ ከጉዞ በኋላ፣ ገና እንደሞቀ ነው፤ ሲነሱ ከተቀባ ቅባቱ ወደ ጎማው ይረጫል። የባሕር ጨው የነካው ሰንሰለትና ፍሬን ከመርከቡ እንደተወረደ በንጹሕ ውሃ ካልታጠበ ዝገቱ አይዘገይም።

የጎማ አየር የሚለካው ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት፣ ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ ነው፤ የሞቀ ጎማ የውሸት ቁጥር ይሰጣል። የብሪታንያ ሕግ ለአብዛኞቹ ሞተር ሳይክሎች ቢያንስ 1 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ያለው የጎማ ጥርስ ይጠይቃል፤ አስተዋይ ሰው ግን እዚያ እስኪደርስ አይጠብቅም። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል፤ እርጥበት የገባበት ዘይት በረጅም ቁልቁለት ሲሞቅ ይፈላና ፍሬኑ እግር ወይም እጅ ሥር ይጠፋል። በየሁለት ዓመቱ ይቀየር የሚባለው ለዚህ ነው።

እነዚህ ሁሉ ተራ የጋራዥ ምክሮች ይመስላሉ። የሚገርመው ቲቲን የሚያሸንፈውም ያው ጥንቃቄ መሆኑ ነው። በባላው ድልድይ ላይ ሞተሩ አየር ላይ ሳለ ቤንዚን ከተሰጠው የኋላው ጎማ በባዶ ይሽከረከራል፤ መሬት ሲነካ ድንገት ይያዛል፤ ያ ምት ሰንሰለት ይበጥሳል። ስለዚህ ብልህ ነጂ እዚያ ሲደርስ ፍጥነቱን ቀንሶ በኋላው ጎማ ለማረፍ ይጥራል። የዘይት ማፍሰሻ ብሎንና የዘይት ፊልትሮ በንዝረት እንዳይፈቱ በቀጭን ሽቦ ይታሰራሉ። ሲኒየር የሚባለው የመጨረሻው ትልቅ ውድድር ስድስት ዙር፣ 364 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በየሁለት ዙሩ ነዳጅ ይሞላል፤ የኋላ ጎማም በሰከንዶች ውስጥ ይቀየራል። አንድ በደንብ ያልጠበቀ ብሎን የዓመቱን ልፋት ያፈርሳል።

የሆንዳ ኩባንያ መሥራች ሶይቺሮ ሆንዳ ይህን ውድድር በዓይኑ ለማየት በ1954 ወደ ደሴቲቱ መጣ። የጀርመንና የጣሊያን ሞተሮች ጉልበት ካሰበው እጅግ የራቀ ሆኖ አገኘው። ተስፋ አልቆረጠም፤ ሰንሰለት፣ ጎማ፣ ካርቡራቶር የመሳሰሉ ዕቃዎችን ገዝቶ ወደ ጃፓን ተመለሰ። በ1959 ቡድኑ በ125 ሲሲ ክፍል ቀርቦ ናኦሚ ታኒጉቺ ስድስተኛ ወጣ፤ የቡድን ሽልማቱም የእነሱ ሆነ። በ1961 ማይክ ሄይልውድ በሆንዳ የ125ና የ250 ሲሲ ውድድሮችን አሸነፈ። ዛሬ በየአገሩ በየመንገዱ የሚታየው የሆንዳ ሞተር ትምህርቱን የቀሰመበት አንዱ ቦታ ይህ የመንደር መንገድ ነው።

በቲቲ ታሪክ ውስጥ የተመልካቹን ልብ እንደ ጆይ ደንሎፕ የገዛ ሰው የለም። የሰሜን አየርላንድ ሰው ነው፤ ሞተሩን በገዛ እጁ እየፈታ የሚገጥም፣ ወሬ የማይወድ፣ በትውልድ አካባቢው መጠጥ ቤት የነበረው። 26 ጊዜ አሸነፈ። ውድድር በሌለበት ጊዜ በመኪናው ምግብና ልብስ ጭኖ ብቻውን ወደ ሮማኒያ፣ ወደ አልባኒያና ወደ ቦስኒያ ለወላጅ አልባ ሕፃናት ያደርስ ነበር። በ2000 በ48 ዓመቱ በአንድ ሳምንት ሦስት ውድድር አሸንፎ፣ ወር ሳይሞላ ኢስቶኒያ ውስጥ በውድድር ላይ ሞተ። ሐውልቱ ተራራው ላይ፣ ሆንዳው ላይ እንደተቀመጠ፣ መንገዱን ቁልቁል ያያል። ክብረ ወሰኑን በ2024 የሰበረው የወንድሙ ልጅ ማይክል ደንሎፕ ነው።

ሞትን ሳያነሱ ስለ ቲቲ መጻፍ ሐሰት ይሆናል። ከ1911 ወዲህ በተራራው መንገድ ላይ ከ250 በላይ ተወዳዳሪዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል። በ1972 ጣሊያናዊው ጂልቤርቶ ፓርሎቲ በዝናብና በጉም ወድቆ ሲሞት፣ አሥር ጊዜ እዚያ ያሸነፈው ጃኮሞ አጎስቲኒ ከዚያ ዓመት በኋላ ለውድድር አልመጣም። ሌሎችም ተከተሉት፤ ከ1976 በኋላ ቲቲ የዓለም ሻምፒዮና አካል መሆኑ ቀረ። የሚወዳደረው ማንም አስገድዶት ሳይሆን ወዶ ነው፤ ቢሆንም ቤተሰቡ ደጃፍ ላይ ቆሞ የሚጠብቀው ሰው ነው። ይህን ዘንግቶ ማጨብጨብ አይገባም።

ፍጥነቱስ የት ደረሰ? በ1957 ቦብ ማኪንታየር በጂሌራ ሞተር የዙሩን አማካይ ፍጥነት ለመጀመሪያ ጊዜ ከመቶ ማይል በላይ፣ በሰዓት 162.7 ኪሎ ሜትር አደረሰ። በ2019 በኤሌክትሪክ ሞተር ማይክል ረተር 196 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄደ። የዙሩን ክብረ ወሰን በ2023 ያስመዘገበው ፒተር ሂክማን ሲሆን ሰዓቱ 16 ደቂቃ ከ36 ሰከንድ፣ አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት 219.4 ኪሎ ሜትር ነው። የነዳው ግን ለውድድር ብቻ የተሠራ ልዩ ሞተር አልነበረም። ውድድሩ «ሱፐርስቶክ» የሚባለው፣ ከሱቅ የሚገዛ ሞተር በጥቂቱ ብቻ ተለውጦ የሚቀርብበት ክፍል ነው፤ ሞተሩም ቢኤምደብሊው ነበር። በ1907 አዘጋጆቹ ኮርቻና ፓራፋንጎ ያለው ሞተር ይቅረብ ብለው የጠየቁት ጥያቄ፣ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ከዚህ የተሻለ መልስ ሊያገኝ አይችልም።

የመጨረሻው ተወዳዳሪ ካለፈ በኋላ፣ መንገዱ መከፈቱን የሚያስታውቅ ጽሑፍ የለጠፈ መኪና ዙሩን ይከተላል። እሱ እስኪያልፍ ድረስ ማንም ከአጥሩ አይወርድም። ካለፈ በኋላ ግን ተመልካቹ ሄልሜቱን አጥልቆ፣ ሞተሩን አስነስቶ በዚያው መንገድ ላይ ይወጣል። በቲቲ ሳምንታት ተራራውን የሚያቋርጠው የመንገዱ ክፍል በአንድ አቅጣጫ ብቻ፣ ከራምሲ ወደ ዳግላስ ይነዳል።