የገላ ገበያ በስልክ፤ ትርፉ የማን ነው?

በአርባ ምንጭ ዙሪያ፣ በኩልፎ ዳርም ሆነ በላንቴና በጫኖ የሙዝ ማሳዎች፣ ነጋዴ ሁሉ የሚያውቀው አንድ ሕግ አለ። ሙዙን የሚያለማው ገበሬ ነው፤ ዋጋውን የሚቆርጠው ግን መኪና ያለውና የአዲስ አበባን የዕለት ዋጋ ቀድሞ የሰማው ነው። ይኸው ሕግ ሸቀጡ የሴት ገላ፣ መደብሩ የእጅ ስልክ በሆነበት አዲስ ገበያም እየሠራ ነው።

ገበያውን የሚደግፉ ወገኖች ክርክር በቀላሉ የሚጣል አይደለም። ሴቲቱ ከቤቷ ሳትወጣ ትሠራለች፤ ያልፈለገችውን ደንበኛ በአንድ ጣት ታባርራለች፤ ድርሻ የሚቆርጥባት የመጠጥ ቤት ባለቤትም ሆነ የሠፈር ደላላ የለም። ገላዋ ድሮም በሌሎች እጅ ይሸጥ ነበር፤ አሁን ራሷ ሸጠች ይላሉ። በሌሊት ጎዳና ላይ ለምትቆም ሴት ይህ ትልቅ ለውጥ ነው።

ለመሆኑ ደላላው በእርግጥ ጠፍቷልን?

ሒሳቡ ሲሠራ

ዋና ጽሕፈት ቤቱ ለንደን የሆነው ኦንሊፋንስ ከእያንዳንዱ ሽያጭ 20 በመቶ ኮሚሽን ይወስዳል። እ.ኤ.አ. በ2024 የሒሳብ ዓመት ደንበኞች 7.2 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ከፍለውበታል። የሻጮቹ ሒሳብ ቁጥር 4.6 ሚሊዮን ነበር። ገንዘቡ እኩል ቢካፈል ኮሚሽኑ ከተቀነሰ በኋላ ለአንድ ሒሳብ በወር 105 ዶላር ያህል ይደርሳል። እኩል ግን አይካፈልም፤ ጥቂት ታዋቂዎች የአንበሳውን ድርሻ ሲወስዱ የብዙኃኑ ገቢ ከዚህም በታች ይወርዳል። ባለቤቱ በዚያው ዓመት 701 ሚሊዮን ዶላር የትርፍ ድርሻ አግኝቷል።

ሌላው መደብር የቲክቶክ ቀጥታ ስርጭት ነው። ቢቢሲ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2025 ባወጣው ምርመራ በኬንያ ሴቶች፣ የ15 ዓመት ልጆች ጭምር፣ በቀጥታ ስርጭት ወሲባዊ ትርዒት እያሳዩ በስጦታ መልክ ገንዘብ እንደሚቀበሉ፣ መድረኩም ከስጦታው 70 በመቶ ያህል እንደሚወስድ ዘግቧል። ኩባንያው ድርሻው ከዚህ በእጅጉ ያነሰ ነው ሲል ቀደም ብሎ አስተባብሏል። ያም ሆነ ይህ፣ የኮሚሽኑን መጠን ሻጯ አልተደራደረችበትም።

የዋጋ ብቻ ሳይሆን የመደብሩም ቁልፍ በሌላ እጅ ነው። ኦንሊፋንስ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2021 በባንኮች ግፊት ግልጽ ወሲባዊ ምስሎችን ሊከለክል መሆኑን አስታወቀ፤ ሳምንት ሳይሞላም ውሳኔውን ሻረ። በእነዚያ ቀናት የብዙ ሺህ ሴቶች እንጀራ የተንጠለጠለው በባንኮች ፈቃድ ላይ ነበር።

ዶላሩና ሕጉ

በኢትዮጵያ ፈተናው ይከብዳል። የምንዛሪ ተመን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከውጭ የሚላክ ትንሽ ስጦታ በብር ሲመነዘር በአንድ ጊዜ ገዘፈ፤ የመግቢያው በርም ሳቢ ሆነ።

ሕጉ ግን በሌላ አቅጣጫ ቆሟል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ሴተኛ አዳሪነትን በራሱ አይቀጣም፤ በሌላው ገላ የሚነግደውን አቃጣሪ ይቀጣል። ግልጽ የወሲብ ምስል ማሰራጨት ግን ያስቀጣል። በስልክ ገበያ ላይ ደላላው ከባሕር ማዶ ሲሆን፣ እዚህ እጅ የሚያዝባት ሻጯ ናት። የአዲስ አበባ ፖሊስ በቲክቶክ የታወቁ ወጣቶችን በአለባበሳቸው ምክንያት የሕዝብን ሞራል ነክተዋል በሚል ማሰሩ ይታወሳል። ምስሏ የተሰረቀባት ወይም ክፍያዋ የተበላባት ሴት አቤት ልበል ብትል ራሷ ተከሳሽ ልትሆን ትችላለች። ውሉ በፍርድ ቤት የማይጸና ንግድ ደግሞ ለደካማው ወገን አይሆንም።

የማይመለስ ሸቀጥ

ሙዝ ተቆርጦ ከተሸጠ ከሥሩ ሌላ ይበቅላል። ምስል ግን አንዴ ከወጣ ተመልሶ አይሰበሰብም፤ ሻጯ ንግዱን ብትተውም ሸቀጡ ያለ ዋጋ ሲዞር ይኖራል። ለትዳር፣ ለሥራ፣ ለብድር ዋስ ስትፈልግ ይከተላታል።

ከኩልፎ ደን የማገዶ እንጨት ተሸክመው ሲቀላ የሚያወርዱ ሴቶችም ገላቸውን፣ ጀርባቸውን ነው የሚሸጡት። ዋጋውን ፊት ለፊት ተደራድረው ብሩን በመቀነታቸው ይቋጥራሉ። ማንም ግን ይህን ሥልጣን አይለውም፤ ሌላ ሥራ ቢገኝ ሸክሙን የማትጥል የለችምና። በስልኩ ገበያም ሚዛኑ ይኸው ነው። ዋጋውን መቁረጥ፣ ገንዘቡን በእጅ መያዝ፣ ሲበቃም ያለ ዕዳ መውጣት፤ ነጋዴን ነጋዴ የሚያሰኙት እነዚህ ሦስቱ ናቸው። ሦስቱም ለሌሉባት ሴት የሚደርሳት ገቢ እንጂ ሥልጣን አይደለም።