«አጎቴ እዚያ አለ፣ አትጨነቂ!»

ሰሞኑን አንዲት እህታችን ጽፋልናለች። ዕድሜዋ ሃያ ስድስት ነው። ከጓደኛዋ ጋር በፒ ኤል ሲ ባቋቋመችው የልብስ ስፌት ድርጅት ላይ ያልጠበቀችው ግብር ተጥሎ ለፌዴራል ታክስ ይግባኝ ኮሚሽን አቤት ብላለች። የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ከተከራከሩበት ግብር 50 በመቶውን ሳይከፍሉ ይግባኝ አይቻልም ስለሚል የደረሳትን ዕቁብ እንዳለ ከፍላዋለች። እንቅልፍ የነሳት ግን እጮኛዋ ነው። «አጎቴ አባል ነው፣ ጉዳይሽን እሱ እንዲያየው አደርጋለሁ» ይላታል። እምቢ ብትል ይቀየማል፤ እሺ እንዳትል ህሊናዋ አልፈቀደም።

እህቴ፣ እምቢ በይ!

እዚያ ወንበር ላይ ማንም ዝም ብሎ አይቀመጥም። አዋጁ ሲወጣ በታክስ ጉዳይ የበሰለ የሕግ ባለሙያ፣ የሂሳብ አዋቂ፣ ወይም ድሮ ግብር መሥሪያ ቤት ሠርቶ ሥራውን የሚያውቅ ሰው እንዲሾም ነው ያሰበው። ድሮ ነው ያልኩት! ዛሬም እዚያው ደመወዝ የሚበላ ከሆነማ ከሳሽም ዳኛም ሊሆን ነው። ብዙ ነጋዴ «የቀድሞ ግብር ሠራተኛ ካለበት አለቀልኝ» ይላል። እኔ አልስማማም። ግምቱ የት ላይ እንደሚሳሳት ከእሱ በላይ ማን ያውቃል?

እውቀታቸው ለምን እንደሚያስፈልግሽ ልንገርሽ። ከዚያ በኋላ ያለው ከፍተኛ ፍርድ ቤት የሚያየው የሕግ ስህተትን ብቻ ነው። ደረሰኝሽ እውነተኛ ነው አይደለም፣ ሽያጭሽ ስንት ነበር የሚለው እዚያው ኮሚሽኑ ዘንድ ያልቃል።

አጎትዬውስ? በጉዳዩ ጥቅም ወይም ዝምድና ያለው አባል ተናግሮ መነሳት አለበት። ዝም ብሎ ፈርዶልሽ ግብር ሰብሳቢው ቢደርስበት ያሸነፍሽው ሁሉ ጥያቄ ውስጥ ይገባል። ደግሞ ነገ ከባልሽ ጋር ስትጋጩ «በማን አጎት ነው የዳንሽው?» መባል አይቀርልሽም።

ስለዚህ ክርክሩ ሳይጀመር ችሎቱ ላይ እነማን እንደሚቀመጡ ጠይቂ። እሱ ካለበት በጠበቃሽ በኩል በጽሑፍ አስታውቂ። የተፎካካሪሽ ዘመድ ቢቀመጥም እንዲሁ አድርጊ፤ ከተፈረደብሽ በኋላ ብታነሺው ግን ማን ይሰማሻል? እስከዚያው ደረሰኞችሽን በየወሩ ለይተሽ አስቀምጪ፣ ግምቱ ስህተት መሆኑን የማስረዳቱ ሸክም ያንቺ ነውና።

እጮኛሽን ደግሞ አጎቱን ሠርጋችሁ ላይ እንዲያስተዋውቅሽ ንገሪው።