ስለ ገጠር አብያተ ክርስቲያናት የካህናት እጥረት

በኢትዮጵያ ገጠር ስላለው የካህናት እጥረት በሚነገርበት ጊዜ፣ ብዙ ሰዎች የካህናቱን ቁጥር ከምእመናኑ ቁጥር ጋር ያስተያያሉ። እንዲህ ያለው ስሌት ግን ነገሩን በትክክል አያስረዳም፤ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዐት አንድ ቄስ ብቻውን ሊቀድስ አይችልምና። ለቅዳሴ ቢያንስ አምስት ልዑካን፣ ይኸውም ሁለት ቀሳውስትና ሦስት ዲያቆናት ያስፈልጋሉ። ስለዚህ አንድ ዲያቆን የጎደለበት አጥቢያ ቄስ ጨርሶ ከሌለው አጥቢያ አይሻልም፤ በሁለቱም ቅዳሴው ይታጎላል።

አምስት ሰው መገኘቱም ብቻውን አይበቃም። ልዑኩ ከዋዜማው ጀምሮ መጾም፣ ባለትዳር ከሆነም ከአልጋው መለየት አለበት፤ ደም የሚፈስሰው ቁስል ያለበት ሰው ወደ መቅደስ አይገባም። ሚስቱ ሞታበት ሁለተኛ ያገባ ቄስ ደግሞ ክህነቱ ይፈርሳል። አገልግሎቱ በሰሞነኛ እየተፈራረቀ የሚካሄደውም ስለዚህ ነውና፣ አምስት ልዑካን በየጊዜው እንዲቆሙ የአጥቢያው ካህናት ከአምስት እጅግ መብዛት አለባቸው።

ይህን ያህል ካህን በአንድ መንደር ያኖር የነበረው መሬት ነው። የሰሞን መሬት የያዘ ሰው አገልግሎቱን መፈጸም፣ ካህን ካልሆነም በእርሱ ፋንታ የሚያገለግል ካህን ማቆም ነበረበት። ግዴታው ከሰውዬው ይልቅ በመሬቱ ላይ የተጣለ ስለ ነበረ፣ ሰው ቢሞት ወይም ቢሰደድ አገልግሎቱ ወራሽ አያጣም ነበር። የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ. ም. አዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት ባደረገ ጊዜ ይህ ማሰሪያ ተቆረጠ፤ ካህኑም እንደ ማንኛውም ገበሬ የሚያርሰውን ብቻ ይዞ ቀረ። ቃለ ዓዋዲ በ1965 ዓ. ም. የሠራው ሰበካ ጉባኤ ከምእመናን አስተዋፅኦ ይሰበስባል፤ ነገር ግን ከተማው የሚያዋጣውን የገጠር አጥቢያ አያዋጣም። ልጆቹን ለማሳደር ወደ ከተማ የሚሄደውን ቄስ ገንዘብ ወዳድ ማለት ፍርደ ገምድልነት ይሆናል።

የዲያቆናቱ ጉዳይ ከዚህ ይብሳል። ዲያቆኑ ብዙውን ጊዜ ገና ልጅ ነው፤ የሚያገለግልበትም ዘመን አጭር ነው። ቀድሞ ከሩቅ አገር ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ የመጣው የቆሎ ተማሪ በመምህሩ ደብር እየቀደሰ ጉድለቱን ይሞላ ነበር። ዛሬ ብዙው ልጅ ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት ይሄዳል፤ የታቦቱ ወርኃዊ በዓል በትምህርት ቀን ሲውልም ከሁለቱ አንዱን መተው ግድ ይሆንበታል።

እጥረት በታሪክ አዲስ ነገር አይደለም፤ ምክንያቱ ግን ተገልብጧል። አቡነ ባስልዮስ በ1943 ዓ. ም. የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሊቀ ጳጳስ እስከ ሆኑ ድረስ ሊቀ ጳጳሱ ከግብፅ ይመጣ ነበር፤ አንዱ ሲሞት ሌላው እስኪመጣ ዓመታት ያልፉ ነበር። በ1520 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ፖርቱጋላዊው ካህን አልቫሬዝ፣ እጅግ ብዙ ሰዎች በአንድ ጊዜ ሲካኑ ማየቱን ጽፏል። ያን ጊዜ ያነሰው እጁን የሚጭን ነበር፤ ዛሬ ያነሰው ተክኖ በአጥቢያው የሚቀመጥ ነው።

ጉዳቱ የሚታየው በቤተ ሰቡ ነው። ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን መጠመቅ ስላለባቸው እናት ሕፃኗን አዝላ ቅዳሴ ወደሚገኝበት ደብር ትሄዳለች፤ የታመመ ሰውም የንስሐ አባቱ ሳይደርስለት ሊያርፍ ይችላል። አንዳንድ አጎራባች አጥቢያዎች ዲያቆናትን እየተዋዋሱ ችግሩን ያቃልላሉ፤ የአንዱ ታቦት ማርያም፣ የሌላው ጊዮርጊስ ቢሆን በዓላቱ በ21 እና በ23 ስለሚውሉ ያው ዲያቆን ለሁለቱም ይደርሳል። ሁለቱም ሚካኤል የሆኑ እንደ ሆነ ግን፣ አንድ ልዑክ በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ አይቀድስምና፣ ወር በገባ በ12 ከሁለቱ በአንዱ ቅዳሴው ይታጎላል።