ዱባ ከቅል ሲለይ

«ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል» ብለን ስንተርት ሐሳባችን ሰዎቹ ላይ እንጂ ተክሎቹ ላይ አይደለም። ከአንድ ማህፀን ወጥተው ጠባያቸው ያልገጠመ ወንድማማቾች ሲያጋጥሙን ተረቱን ጣል አድርገን እናልፋለን። ተረቱ ግን እንደ እርሻ ትምህርትም ቢነበብ አያሳፍርም። ሁለቱም አጥር ላይ የሚንጠላጠሉ ሐረጎች ናቸው፤ ቅጠላቸው ሰፊ ነው፤ በዝርያም አንድ ቤተሰብ ናቸው። ይሁን እንጂ የቅል አበባ ነጭ ነው፣ የሚፈካውም ሲመሻሽ ነው። የዱባው ቢጫ ሆኖ በማለዳ ይከፈትና ቀትር ሳይሆን ይከደናል። ፍሬያቸው ሲበስል ደግሞ መንገዳቸው ጨርሶ ይለያያል። ቅል ደርቆ እንጨት መሳይ ይሆንና ውሃ ይቀዳበታል፣ ወተት ይቀመጥበታል፣ ጠላ ይጠጣበታል። ዱባ ወደ ድስት ይገባል። አንዱ ዕቃ ነው፣ ሌላው ምግብ። በመጸው ወራት ቤትን በፍሬ ማስጌጥና ከጓሮ የመጣ ነገር አብስሎ መብላት የሚወድ ሰው፣ ዱባን ከቅል ከዚያም ዱባን ከዱባ መለየት ከቻለ፣ ጌጡና ወጡ ከአንድ ፍሬ ይወጡለታል። መለየት ካልቻለ ሁለቱንም ያጣል።

(መጸው ያልኩት ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለውን ወቅት ነው። ይህን ጊዜ «ጸደይ» እያለ የሚጠራው ሰው ብዙ ነው፤ በአባቶች አቆጣጠር ግን ጸደይ መጋቢት 26 ገብቶ እስከ ሰኔ የሚዘልቀው ነው። አበባ ባየን ቁጥር ጸደይ የምንል ከሆነ ለመጸው ምን ልንተውለት ነው?)

በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ከአበባ ቀለም ይበልጣል። ቅል የአፍሪካ ተወላጅ ነው። የዱባ ዘሮች በሙሉ የአሜሪካ ተወላጆች ናቸው። በሜክሲኮ ዋሃካ ግዛት፣ ጊላ ናኪትስ በሚባል ዋሻ ውስጥ የተገኙ የለማ ዱባ ፍሬዎች ዕድሜያቸው ወደ 10,000 ዓመት ይጠጋል፤ በዚያ አካባቢ በቆሎ ከመልመዱ በፊት ዱባ ለምዶ ነበር ማለት ነው። ከኮሎምበስ የ1492 እ.ኤ.አ. ጉዞ በፊት ከአሜሪካ ውጭ ዱባ ያየ ሰው አልነበረም። እንግዲህ በጥንቱ ዓለም መጻሕፍት ውስጥ ዱባ የሚመስል ነገር ሲገጥመን ቆም ማለት ይገባናል። ሮማውያን «ኩኩርቢታ» ይሉት የነበረው ቅልን ነው፤ ዛሬ የዕፅዋት ሊቃውንት ያንኑ ስም ወስደው ለአሜሪካው ዱባ ሰጥተውታል። አይሁድ በአዲስ ዓመታቸው ዋዜማ፣ በሮሽ ሃሻና ማዕድ ላይ ከሚያቀርቧቸው ምልክት ያላቸው ምግቦች አንዱ «ቃራ» ይባላል። በእስራኤል ዛሬ በቦታው የሚቀርበው ብዙ ጊዜ ብርቱካናማ ዱባ ነው፤ ስሙ በታልሙድ ሲጻፍ ግን ዱባ ገና ውቅያኖስ አልተሻገረም፣ የታሰበውም ለጋ ቅል መሆን አለበት። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ዮናስን ያስጠለለችውን ተክል ቅል ማለቱ፣ ስለ ተክሉ ማንነት ያለው ክርክር እንዳለ ሆኖ፣ ዱባ ከማለት እጅግ የተሻለ ጥንቃቄ ነው። በአገራችንም ቅል ነባር ነው፣ ዱባ እንግዳ። እንግዳው መጥቶ በባለቤቱ አጥር ላይ ተንጠላጠለ፣ ከዚያም ተረቱ ውስጥ ስሙን አስቀደመ። «ጊዜ የሰጠው ቅል ድንጋይ ይሰብራል» ይባላል፤ እዚህስ ጊዜ የሰጠው ዱባውን ነው።

ዱባ የሌላውን ቦታ መውረስ ልማዱ ሳይሆን አይቀርም። ጥቅምት ሃያን ይዞ በሚመጣው የሃሎዊን ምሽት አሜሪካውያን ፊት ቀርጸው ሻማ የሚያበሩበት ዱባ፣ በአየርላንድና በስኮትላንድ ተርኒፕ የሚባል የሥር አትክልት ነበር። አየርላንዳውያን በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ክፍለ ዘመን በብዛት ሲሰደዱ በአዲሱ አገራቸው ትልቅ፣ ለስላሳና ለመፈልፈል የማያስቸግር ፍሬ አገኙና ተርኒፑን ተዉት። ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር ነው ዛሬ የምናየውን ስህተት የወለደው። ገበሬው ለቀረጻ የሚመች ዱባ እየመረጠ ማልማት ጀመረ፤ ቅርፊቱ ስስ፣ ሆዱ ባዶ፣ መልኩ ብሩህ፣ ሥጋው ግን ቃጫና ውሃ የሆነ። ያንን ገዝቶ ወጥ የሠራ ሰው «ዱባ ጣዕም የለውም» ብሎ ይደመድማል። ፍርዱ ትክክል ነው፣ የፈረደበት ግን የተሳሳተውን ነው። አሜሪካውያን ራሳቸው ይህን ያውቁታል። ታንክስጊቪንግ ለሚሉት የምስጋና በዓላቸው ፓይ በቆርቆሮ የሚሸጠው ዱባ በብዛት የሚመጣው ከኢሊኖይ ግዛት፣ በተለይም ከሞርተን ከተማ ዙሪያ ነው፤ ፍሬውም ብርቱካናማው ክብ ዱባ ሳይሆን ቅርፊቱ ወደ ቡኒ የሚያደላ፣ ሞላላ፣ በተርነት ለሚባለው ዱባ የሥጋ ዘመድ የሆነ፣ ሞስካታ የሚባል ዝርያ ነው። በየዓመቱ በክብደት ውድድር ላይ የሚቀርበው፣ ዛሬ ከ1,200 ኪሎ ያለፈው ግዙፍ ዱባም ለሚዛን እንጂ ለማዕድ አልተፈጠረም።

ስለዚህ የሚያዋጣው የሚበላውን ዱባ ጌጥ ማድረግ ነው። ግራጫና አረንጓዴ ቅርፊት ያለው የገበያችን ዱባ፣ የቆዳ መልክ ያለው በተርነት፣ ጥቁር አረንጓዴው ካቦቻ፣ ሁሉም መልካቸው ያምራል፤ መስኮት ላይ፣ መሶብ አጠገብ፣ የደጅ ደረጃ ላይ በየመጠናቸው ቢደረደሩ ሌላ ማስዋቢያ አያስፈልግም። ለመስቀል የመጣው አደይ አበባ ጠውልጎ፣ ቄጠማውም ተጠርጎ ቤቱ ባዶ ሲመስል ቦታውን የሚሞላ ቀለም ነው። ደግሞም ያለ ፍሪጅ የሚቀመጥ አትክልት ነው። በደንብ ጎምርቶ የተቆረጠ ዱባ አሥር ቀን ያህል ሞቅ ባለ አየር ውስጥ ቢቆይ ቅርፊቱ ይጠነክራል፤ ከዚያ ቀዝቀዝ ባለና ደረቅ ቦታ ወራት ይቆያል። ይህን ሁሉ የሚያበላሹት ሁለት ልማዶች ናቸው። አንደኛው ዱባን በግንዱ አንጠልጥሎ መሸከም ነው። ግንዱ እጀታ አይደለም፣ ክዳን ነው፤ ሲገነጠል የሚቀረው ቁስል የብስባሽ በር ይሆናል። ገበያ ላይ ግንዱን ነቅሎ ዱባውን የሚያንከባልል ሻጭም ሆነ ይህን አይቶ ዝም የሚል ገዢ ጥፋታቸው እኩል ነው። ሁለተኛው ልማድ ቢላዋ ነው። የተቀረጸ ዱባ በሳምንት ውስጥ ይሻግታል፤ ሻማ ሲበራበት፣ ዝንብ ሲያርፍበት ሰንብቶ «ወጥ ይሁን» ቢባልም አይሆንም።

ልጆች ፊት መቅረጽ ይወዳሉ፣ ደስታቸውን ለምን እንቀማለን የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ለቀረጻ የተመረተውን አንድ ዱባ ለልጆቹ መስጠት ምንም አይጎዳም፤ ፍሬው ከውስጡ በዕለቱ ወጥቶ ይቆላል፣ ገላው ከበዓሉ በኋላ ማዳበሪያ ይሆናል። ጥፋቱ የደጁ ዱባ ሁሉ እንዲያ ሲደረግ ነው። ይልቅ የሚያሳስበው ሌላው ጌጥ ነው፤ በመጸው ገበያ በቅርጫት የሚሸጡት ትናንሽ፣ ዝንጉርጉርና ኪንታሮታም ፍሬዎች። እነዚህ ለመታየት ብቻ የተመረቱ ናቸው። ብዙዎቹ ኩከርቢታሲን የሚባል መራራ መርዝ አላቸው፤ ያስመልሳል፣ ሆድንም ያስቀምጣል፤ እሳትም አያጠፋውም። ዱባን ከጌጥ ፍሬዎቹ አጠገብ ዘርቶ ፍሬውን ለዘር የሚያስቀር ሰው በሚቀጥለው ዓመት ያ መራራነት ወደ ድስቱ ሊመጣበት ይችላል፤ ንብ የማንን ዱቄት ለማን እንዳደረሰ አይነግርም። ከማብሰል በፊት ጥሬውን በምላስ ነካ ማድረግና ከመረረ ተፍቶ ፍሬውን መጣል ቀላል ጥንቃቄ ነው።

ለጤናስ? «ይጣፍጣልና ስኳር ነው» የሚለው ክስ ከሁሉ ይሰማል። ጣፋጭነቱ ግን ያታልላል። 100 ግራም ጥሬ ዱባ 92 በመቶ ያህሉ ውሃ ነው፤ ጉልበቱ 26 ካሎሪ ገደማ ነው። ጠጣሩ በተርነት እንኳ 45 አካባቢ ነው፣ የተቀቀለ ድንች ደግሞ ከ80 በላይ። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ሊጠነቀቀው የሚገባው ከዱባው ጋር የሚመጣውን ነው፤ በፓይ ውስጥ የሚገባውን ስኳርና ቅባት፣ በወጡ በኩል ደግሞ እንጀራውን። ለብርቱካናማነቱ ምክንያት የሆነው ቤታ ካሮቲን በሰውነታችን ውስጥ ወደ ቫይታሚን ኤ ይለወጣል። ቤታ ካሮቲን የሚሟሟው በቅባት ነው፤ ያለ ዘይት ተቀቅሎ የሚበላ ዱባ «ቀላል» ይመስላል እንጂ ጥቅሙ ይቀንሳል። የእኛ ቁሌት ይህን ችግር ቀድሞ ፈትቶታል። ሽንኩርቱን በዘይት አቁላልቶ፣ በርበሬ ወይም ለአልጫው እርድ ጨምሮ፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል አክሎ ዱባውን መክተት ነው። ውሃ ማብዛት አያስፈልግም፤ ዱባው ራሱ ውሃ ነው፤ ደጋግሞ ማማሰልም ገንፎ ያደርገዋል። (ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በስታርባክስ ቡና ቤቶች የሚሸጠው ዝነኛው «የዱባ ቅመም» ላቴ እስከ 2015 ድረስ ዱባ አልነበረበትም፤ ቅመሙ ቀረፋ፣ ዝንጅብል፣ ቅርንፉድና ገውዝ ነው። እነዚህ ደግሞ ለእኛ ወጥ ቤት ባዕድ አይደሉም።)

ጊዜውም ለዱባ ወጥ ይመቻል። ጾመ ጽጌ መስከረም 26 ይገባና እስከ ኅዳር 5 ይዘልቃል፤ የፈቃድ ጾም ቢሆንም የሚጾመው ብዙ ነው። ከአሥር ቀን በኋላ፣ ኅዳር 15፣ የነቢያት ጾም ይጀምራል። አሜሪካ ለሚኖሩ ኦርቶዶክሳውያን ታንክስጊቪንግ፣ በኖቬምበር አራተኛ ሐሙስ ስለሚውል፣ አብዛኛውን ጊዜ ከጾሙ ጋር ይገጥማል። ጎረቤት ተርኪ የሚባለውን ዶሮ ሲያርድ፣ እንቁላልና ወተት የገባበት ፓይም ሲቀርብ፣ ሁለቱንም ለማይነካ እንግዳ ከዚያው ዱባ የተሠራ ቀይ ወጥ አለ። ፍሬውም ታጥቦና ደርቆ ተቆልቶ ሲፈለቀቅ ወደ ሢሶ የሚጠጋው ፕሮቲን ነው፤ በባህላዊ ሕክምናችን ኮሶ ለማስወጣት የሚሰጠውም እሱው ነው። ጾመ ጽጌ ሲገባ መስኮት ላይ የተቀመጠ በተርነት፣ ግንዱ ካልተነቀለና ቢላዋ ካልነካው፣ ኅዳር 15 ሲደርስ ገና ጠንካራ ነው።