የሚዞር ሞተር ስለምን አይነሳም?

በመንገድ ዳር የቆመ መኪና ሲታይ መንገደኛው ሁሉ የሚሰጠው ምክር «እንግፋው» የሚል ነው። በጎ ፈቃዱ የሚያስመሰግን ነው፤ ምክሩ ግን ለሕመሙ መድኃኒት የሚኾነው አንዳንድ ጊዜ ብቻ ነው። መግፋት ማለት የሞተሪኖውን ሥራ በሰው ጉልበት መሥራት ነው። ሞተሪኖው ሞተሩን በወትሮው ፍጥነት እያዞረው ካልተነሳ፥ ሃያ ሰው ቢገፋው የሚጨምርለት ነገር የለም።

ስለዚህ ከመግፋት በፊት ማዳመጥ ይገባል። ሞተሩ እያቃሰተ በዝግታ የሚዞር ከኾነ ባትሪው ደክሟል፥ ወይም የባትሪው ራስ ዝጓል፤ ማርሹ በእጅ ለሚገባ መኪና መግፋት የሚረዳው ያን ጊዜ ነው። በደንብ እየዞረ ካልተነሳ ግን ምርመራው ወደ ሌላ ይሻገራል።

የቤንዚን ሞተር ለመነሳት አራት ነገር ይሻል፤ ይኸውም ቤንዚን፥ አየር፥ እመቃና በጊዜው የሚደርስ ብልጭታ ነው። ከነዚህ አንዱ ሲጎድል የቀሩት ሦስቱ ከንቱ ናቸው።

በመጀመሪያ ቤንዚን መኖሩ ይረጋገጥ፤ ጠቋሚው መርፌ ሊዋሽ ይችላልና። ፖምፓው በኤሌክትሪክ በሚሠራ መኪና፥ ቁልፉ ሲከፈት ብዙውን ጊዜ ለሁለት ሴኮንድ ያህል የንብ ድምፅ የመሰለ እዝዝታ ከኋላ ይሰማል። ካልተሰማ ፊውዙ ይታይ። በዳሽቦርዱ ላይ የቁልፍ ምልክት የሚብለጨለጭ ከኾነም መኪናው ቁልፉን አላወቀውም ማለት ሊኾን ስለሚችል፥ በሁለተኛው ቁልፍ መሞከር ነው።

ቀጥሎ ካንዴላ ይፈታ። ደረቅ ከኾነ ቤንዚን አልደረሰም። እርጥብ ከኾነ ቤንዚን ደርሷል፤ ነገር ግን ብልጭታው ቀርቷል፥ ወይም ቤንዚኑ በዝቶ አጥለቅልቆታል። በአሮጌ ቮልስዋገን ብልጭታ ሲጠፋ ፑንቲናውን፥ ቦቢናውንና ገመዶቹን መመርመር ነው። ለመጥለቅለቅ ደግሞ የቤንዚን ፔዳሉን እስከ ታች ረግጦ ማዞር ይበጃል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ስለኾነች አየሯ ስስ ነው፤ ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራተር እዚህ ቤንዚን ያበዛል፥ ካንዴላውንም ያጠቁራል። የቤንዚን ሽታ በሚሸትበት ስፍራ ግን ብልጭታ መሞከር እሳት መጥራት ነው።

ሞተሩ ከወትሮው ቀልሎና ፈጥኖ የሚዞር ከኾነ የታይሚንግ ቺንጋ ተበጥሶ ይኾናልና ወዲያው ይቁም፤ በብዙ ሞተሮች ፒስቶኑ ቫልቮቹን መትቶ ያጣምማቸዋል።

በማንኛውም ጊዜ ቢኾን ከ10 ሴኮንድ በላይ በአንድ ትንፋሽ አለማዞር፥ በመካከሉም ማሳረፍ ይገባል። ባትሪው ከሞተ አንዱ ጥፋት ሁለት ይኾናል። መካኒክ ዘንድ ሲደርሱም «አልነሳ አለኝ» ብቻ ከማለት ይልቅ፥ «በደንብ ይዞራል፤ ፖምፓው ይሰማል፤ ካንዴላው እርጥብ ነው» የሚል ሰው ለማያስፈልገው ዕቃ ገንዘብ አይከፍልም።