ኀዘንና መታሰቢያ በአባት ቤት



በምሥራቅ ጎጃም የምትገኘው የጉንደ ወይን ከተማ ስም በግእዝ «የወይን ግንድ» ማለት ነው። ነቢዩ ዳዊት ስለ ቤተሰብ በረከት ሲዘምር ሚስትን በወይን፣ ልጆችንም በማዕድ ዙሪያ በበቀለ ወይራ መስሏል (መዝ. 127)። በዚህ ምሳሌ አባትን ብናስበው እንደ ግንድ ነው። ቅርንጫፍ ሲቆረጥ ቁስሉ የሚቀረው በግንዱ ላይ ነውና። ለመሆኑ ልጁን ወይም የትዳር አጋሩን የቀበረ አባት ኀዘኑን እንዴት ይሸከም? የሞተውንስ እንዴት ያስብ?

በአካባቢያችን «ወንድ ልጅ አያለቅስም» የሚል አነጋገር አለ። አባት ለቅሶ ደራሹን ይቀበላል፤ የመቃብሩንና የፍትሐቱን ነገር ያስፈጽማል፤ ሌላውን ያጽናናል። ሰው ሁሉ ወደየቤቱ ሲመለስ ግን ያላለቀሰው ልቅሶ በልቡ ይቀራል። ቅዱሳት መጻሕፍት ይህን ዝምታ ከአባት አይጠይቁም። መጽሐፈ ኩፋሌ እንደሚነግረን አዳምና ሔዋን ስለ አቤል አራት ሱባዔ ዓመት፣ ማለትም 28 ዓመት አዝነዋል። ከዚያም ተጽናንተው ሴትን ወልደዋል። ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስም አልዓዛርን እንደሚያስነሣው እያወቀ በመቃብሩ አጠገብ እንባውን አፍስሷል (ዮሐ. 11)። ስለዚህ የአባት እንባ የእምነት ጉድለት ምልክት አይደለም።

ይሁን እንጂ ኀዘን ድንበር ያስፈልገዋል። ያዕቆብ ዮሴፍ የሞተ መስሎት ባዘነ ጊዜ ወንዶችና ሴቶች ልጆቹ ሁሉ ሊያጽናኑት ተነሡ፤ እርሱ ግን መጽናናትን እንቢ አለ (ዘፍ. 37)። በሞተው ላይ ያለው ፍቅር በሕይወት ያሉትን እንዳያይ ጋረደው። ቅዱስ ዳዊት በበኩሉ ሕፃኑ በታመመ ጊዜ ጾመ፣ ለመነ፣ በምድር ላይ ተኛ። ሕፃኑ ሲሞት ግን ተነሥቶ ታጠበ፣ ወደ እግዚአብሔርም ቤት ገብቶ ሰገደ፤ ከዚያ በኋላ ቤርሳቤህን አጽናናት (2ሳሙ. 12)። ባል ሚስቱን ማጽናናቱ ተለይቶ መጻፉ ለእኛ አባቶች ትምህርት ነው። በአንድ ጣራ ሥር ሁለት ሰዎች ለየብቻቸው ሲያዝኑ ቤቱ ሁለተኛ ጉዳት ይደርስበታልና። ቅዱስ ጳውሎስም የተሰሎንቄን ምእመናን ተስፋ እንደሌላቸው ሰዎች እንዳያዝኑ መክሯቸዋል (1ተሰ. 4)። የከለከለው ተስፋ ቢስነትን እንጂ ማዘንን አይደለም።

ቤተ ክርስቲያናችን ለኀዘን ሥርዓት የምትሠራለት ስለዚህ ነው። ያረፉትን በሦስተኛው፣ በ7ኛው፣ በ12ኛው፣ በ30ኛው፣ በ40ኛውና በ80ኛው ቀን፣ በመንፈቅና በዓመቱ በጸሎት ታስባለች። ሦስተኛው ቀን የጌታችንን ትንሣኤ ያሳስበናል። ዮሴፍ ለአባቱ ለያዕቆብ 7 ቀን አልቅሷል (ዘፍ. 50)፤ እስራኤልም ለአሮንና ለሙሴ 30 ቀን አልቅሰዋል (ዘኍ. 20፤ ዘዳ. 34)። 40ኛው ቀን ጌታችን ከትንሣኤው በኋላ ያረገበት ነው። ኀዘንተኛው በእነዚህ ቀናት እንደ ደረጃ እየረገጠ ከመቃብሩ አፋፍ ወደ ቅድስት ቤተ ክርስቲያን ይመለሳል።

ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ተጠምቀው የክርስትና ስም እንደሚቀበሉ እናውቃለን። ልጁን በ40 ቀኑ ለጥምቀት ያቀረበ አባት፣ ያንኑ ስም በ40ኛው የመታሰቢያ ቀን ለካህኑ ለማቅረብ ሲገደድ ልቡ እንዴት እንደሚሰበር እግዚአብሔር ያውቃል። ነገር ግን ስሙ አንድ ነው፤ ልጅነቱም አልተሻረም። ስለዚህ እያንዳንዱ አባት የቤተሰቡን ሁሉ የክርስትና ስም ጽፎ ሊያኖር ይገባዋል። ልጆች ለትምህርትና ለሥራ ርቀው በሚሄዱበት ዘመን በጸሎት የሚጠሩበት ስም ከወላጆች ጋር አብሮ እንዳይቀበር ነው።

ስለ ተዝካርም መናገር ያስፈልጋል። የተዝካር መሠረቱ ጸሎት፣ ቅዳሴና ምጽዋት ነው። በአንዳንድ ቦታ ግን ጎረቤት ምን ይለኛል በሚል ፍርሃት ገበሬው የሚያርስበትን በሬ ይሸጣል፣ ይበደራል፤ ድግሱ ሲያልቅ ዕዳው በእናትና በልጆች ላይ ይወድቃል። ይህ ለሞተው ነፍስ የሚጨምረው ነገር የለም። ጌታችን ግብዣ ስናደርግ ብድራት ሊመልሱ የማይችሉትን ድሆች እንድንጠራ አስተምሮናል (ሉቃ. 14)። ለጥቂት ነዳያን በፍቅር የቀረበ እንጀራ፣ ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠ ጧፍና ዕጣን፣ ወላጅ ለሌለው ተማሪ የተገዛ ደብተር በሟቹ ስም ሲደረግ እውነተኛ ተዝካር ነው። አቅም ያነሰው አባት በዚህ ሊያፍር አይገባም። ዘመድና ጎረቤትም በድግሱ ማነስ እንዳያሙት፣ ይልቁንም «እግዚአብሔር ያጽናህ» ካሉት በኋላ ወር ሁለት ወር ቆይተው ተመልሰው እንዲጠይቁት ይገባል።

በሕይወት ያሉት ልጆችም ያዝናሉ። ትንንሾቹ የወንድማቸውን ስም ሲጠሩ «ዝም በሉ» ብሎ መገሠጽ ኀዘኑን አያጠፋውም፤ ብቻቸውን እንዲሸከሙት ያደርጋቸዋል እንጂ። ማታ ቤተሰቡ በአንድነት ሲጸልይ የሟቹን ስም ማንሣት፣ መልካም ሥራውን መተረክ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይዟቸው ሄዶ ስለ ትንሣኤ ሙታን ማስተማር የአባት ድርሻ ነው።

ጻድቁ ኢዮብ በየጊዜው ማልዶ ተነሥቶ ስለ እያንዳንዱ ልጁ መሥዋዕት ያቀርብ ነበር (ኢዮ. 1)። ከመከራው በኋላ እግዚአብሔር ሀብቱን እጥፍ አድርጎ መለሰለት፤ 7,000 የነበሩት በጎች 14,000 ሆኑ። ልጆቹ ግን እንደ ቀድሞው 10 ብቻ ነበሩ (ኢዮ. 42)። የሞቱት በጎች ጠፍተዋል፤ የሞቱት ልጆች ግን በእግዚአብሔር ዘንድ አሉና ቍጥራቸው ከኋለኞቹ ጋር ሲደመር እጥፍ ይሆናል። ልጁን የቀበረ አባት ስንት ልጆች እንዳሉት ሲጠየቅ ያረፈውንም ቢቈጥር አልተሳሳተም።

ኀዘንተኞችን እግዚአብሔር ያጽናልን፤ ያረፉትንም ነፍሳቸውን በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያኑርልን። አሜን።